መድኃኒት የለመደ ጀርም
(በተማሪዎች ማኅበር ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ስለ ሕዝብ ጤና አንድ ንግግር እንዳደርግ በተጠየቅሁ ጊዜ አርእስቱን እንድመርጥ ስለ ተፈቀደልኝ፤ መድኃኒትን ስለሚለምዱ ጀርሞች ለመናገር አሰብሁ። የምጠራቸው ዓመታት፤ ሌላ ካላልሁ በቀር፤ ሁሉም በአውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ አስታውቃለሁ።

ይህ ጉዳይ ብዙ ጊዜ የሚነገረው በትልልቅ ቁጥር ነው። በ2019 መድኃኒት በለመዱ ባክቴሪያዎች ምክንያት በመላው ዓለም 1.27 ሚሊዮን ያህል ሰው እንደ ሞተ ተገምቷል፤ የ2021 ግምት ደግሞ 1.14 ሚሊዮን ነው። እንዲህ ያለ ቁጥር ያስደነግጣል እንጂ ብዙ አያስተምርም። እኔ ግን ልነግራችሁ የምፈልገው ከዚህ ከንፋስ ስልክ ላፍቶ ብዙም ሳይርቅ፤ ወሰኑን ተሻግሮ በኮልፌ ቀራንዮ በኩል፤ በዘነበወርቅ የሆነውን ነው። ከመካኒሳ ወይም ከጀሞ በታክሲ የሚደረስበት ቦታ ነው። በዚያ ሆስፒታል አንድ ጀርም መድኃኒቱን ሲለምድ ታይቷል፤ ተመርምሯል፤ በመጨረሻም ተሸንፏል። የተሸነፈበትም መንገድ ዛሬ በየመድኃኒት ቤቱ ለምናየው ነገር የሚጠቅም ይመስለኛል።

ወደ ታሪኩ ከመግባቴ በፊት አንድ የተለመደ ስሕተት ላርም። ብዙ ሰው «ሰውነቴ መድኃኒቱን ለምዶታልና አይሠራልኝም» ይላል። የሚለምደው ግን የሰው ሰውነት አይደለም፤ ጀርሙ ነው። ነገሩም እንዲህ ነው። በአንድ በሽተኛ ሰውነት ውስጥ ካሉት እጅግ ብዙ ጀርሞች መካከል በተፈጥሮ ለውጥ ምክንያት መድኃኒቱ የማይጎዳቸው ጥቂቶች ይገኛሉ። መድኃኒቱ ሌሎቹን ሲገድል እነዚህ ይተርፋሉ፤ ቦታውንም ምግቡንም ብቻቸውን ያገኛሉ፤ ይራባሉም። ከዚህ በኋላ በሽታው ስሙ ያው ሆኖ ጠባዩ ሌላ ይሆናል። ያ ጀርም ወደ ጎረቤት ሲተላለፍ ደግሞ ጎረቤትየው አንድ ፍሬ መድኃኒት ሳይውጥ መድኃኒት የማይበግረው በሽታ ይይዘዋል። «የእኔ መድኃኒት የእኔ ጉዳይ ነው» የሚለው አነጋገር የማያስኬደው በዚህ ምክንያት ነው።

አሁን ወደ ዘነበወርቅ ልመለስ። በልዕልት ዘነበወርቅ ስም የተጠራው የሥጋ ደዌ ሆስፒታል የተመሠረተው በ1930ዎቹ ዓመታት ነው። ከየጠቅላይ ግዛቱ፤ ብዙዎችም በእግራቸው፤ ወደዚያ የመጡ በሽተኞች ዘመዶቻቸው አንቀበልም ስላሏቸው በሆስፒታሉ ዙሪያ ጎጆ ቀልሰው ቀሩ፤ ሰፈሩም እንዲሁ ተቈረቈረ። በ1965 በዚሁ ሥፍራ ለመላው አፍሪካ የሚሆን የሥጋ ደዌ ማሠልጠኛ ማዕከል ተቋቋመ፤ አለርት የምንለው ነው። በ1970 ደግሞ በአጠገቡ የአርማወር ሐንሰን የምርምር ተቋም ተከፈተ። ሐንሰን የሥጋ ደዌን ጀርም በ1873 ያገኘ የኖርዌይ ሐኪም ነው።

በዚያ ዘመን የበሽታው ዋነኛ መድኃኒት ዳፕሶን ነበር። ዳፕሶን ከ1940ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በዓለም ላይ የተሠራበት፤ ርካሽ የሆነና በአፍ የሚዋጥ ፍሬ ነው። ከእርሱ በፊት ለበሽተኛው ይሰጥ የነበረው ከዛፍ ፍሬ የሚጨመቅ፤ በመርፌም ሲወጉት እጅግ የሚያሳምም ዘይት ስለ ነበረ፤ ዳፕሶን በተገኘ ጊዜ የተሰማው ደስታ የሚያስገርም አይደለም። እንዲያውም ደስታው ሳይበዛ አልቀረም። መድኃኒቱ ብቻውን፤ ያለ ሌላ ረዳት፤ ለብዙ ዓመታት፤ ጀርም ለበዛባቸው ሰዎች ዕድሜ ልካቸውን ይሰጥ ነበር። አሰጣጡም በትንሽ መጠን ጀምሮ ቀስ በቀስ ከፍ ማድረግ ነበር፤ ይኸውም በሽተኛውን የሚያሠቃየው ድንገተኛ የሰውነት ቍጣ እንዳይነሣበት ተፈርቶ ነው። በዚያ ላይ ገበሬው ክረምት ሲገባ ወንዙ ሞልቶበት፤ አዝመራ ሲደርስ ሥራው ይዞት መድኃኒቱን ያቋርጥና እንደገና ይጀምራል። እንግዲህ ብቸኛ መድኃኒት፤ አነስተኛ መጠን፤ የተቈራረጠ አወሳሰድ፤ ሦስቱ በአንድነት ተገናኙ ማለት ነው። ጀርም መድኃኒትን ያስተምሩት ቢባል ከዚህ የተሻለ ትምህርት ቤት አይገኝለትም።

ጀርሙ ዳፕሶንን መልመዱ በሳይንስ መንገድ መጀመሪያ የተረጋገጠው በ1964 በማሌዥያ ነው፤ ያረጋገጡትም ፔቲትና ሪስ የሚባሉ ሁለት ተመራማሪዎች ናቸው። ከዚያ በኋላ በ1970ዎቹ ዓመታት ዶክተር ፒርሰንና ባልደረቦቹ በአዲስ አበባ ተመሳሳይ ነገር ማየት ጀመሩ። ለዓመታት እየዳኑ የነበሩ ሰዎች መድኃኒቱን እየዋጡ አዲስ እባጭ ይወጣባቸዋል። በሽተኛው መድኃኒቱን ስላልወሰደ ነው ወይስ ጀርሙ ስለ ለመደ? ይህን መለየት ቀላል አልነበረም። ምክንያቱም የሥጋ ደዌ ጀርም እንደ ሌሎቹ ባክቴሪያዎች በላቦራቶሪ ሳሕን ላይ አይበቅልም። ስለዚህ ከበሽተኛው ቆዳ ትንሽ ቁራጭ ይወሰድና ጀርሙ በአይጥ የእግር መዳፍ ውስጥ ይወጋል፤ ለአይጦቹ ዳፕሶን የተቀላቀለበት ምግብ ይሰጣቸዋል፤ ከዚያም ለብዙ ወራት ይጠበቃል። ዳፕሶን በሚበላ አይጥ እግር ውስጥ ጀርሙ ከተራባ ነገሩ ተረጋገጠ ማለት ነው። አንድን መልስ ለማግኘት ግማሽ ዓመትና ከዚያም በላይ! ዛሬ የላቦራቶሪ ውጤት ሁለት ቀን ዘገየ ብለን የምናጉረመርም ሰዎች ይህን ትዕግሥት ብናስበው መልካም ነው።

ከሁሉ የሚከብደው ግን በ1977 ፒርሰን፤ ኃይሌና ሪስ ያሳተሙት ነው። ዳፕሶንን ቀምሰው በማያውቁ አዲስ በሽተኞች ላይ ዳፕሶንን የለመደ ጀርም ተገኘ። በ1979ም በኢትዮጵያ ስላለው ሁኔታ ሰፋ ያለ ጽሑፍ ወጣ። እስከዚያ ድረስ ነገሩ መድኃኒት ያቋረጠ ሰው የግል ዕዳ ነው ሊባል ይቻል ነበር። ከዚያ ወዲያ ግን የሰፈር፤ የከተማ፤ የአገር ዕዳ ሆነ።

መፍትሔው ምን ነበር? በ1981 የዓለም ጤና ድርጅት የባለሙያዎች ጉባኤ አንድ መድኃኒት ብቻውን መስጠት ቀርቶ ሁለትና ሦስት መድኃኒት በአንድነት እንዲሰጥ ወሰነ፤ በአገራችንም በ1983 ተጀመረ። በዚህ ላይ ትንሽ ሒሳብ እንድሠራ ፍቀዱልኝ፤ የሒሳብ ተማሪዎችም እንዳይስቁብኝ። በሽታው በጸናበት ሰው ሰውነት ውስጥ ወደ መቶ ቢሊዮን የሚጠጋ ሕያው ጀርም ሊኖር ይችላል። ሪፋምፒሲን የተባለውን መድኃኒት በተፈጥሮው የሚቋቋመው ከአሥር ሚሊዮን ጀርም አንዱ እንደ ሆነ ይገመታል። ስለዚህ ሪፋምፒሲን ብቻውን ቢሰጥ አሥር ሺህ ያህል ጀርም ይተርፋል። ዳፕሶንን የሚቋቋመው ደግሞ ከሚሊዮን አንዱ ነው። ሁለቱንም ባንድ ጊዜ የሚቋቋም ጀርም ለማግኘት ታዲያ አሥር ሚሊዮን በሚሊዮን ተባዝቶ አሥር ትሪሊዮን ጀርም ያስፈልጋል፤ በሰውዬው ሰውነት ውስጥ ግን ይህን ያህል የለም። ሦስተኛው መድኃኒት፤ ክሎፋዚሚን፤ ሲጨመር በሩ ፈጽሞ ይዘጋል።

እዚህ ላይ ልብ እንድትሉልኝ የምፈልገው ነገር አለ። ዳፕሶን አልተጣለም። ብቻውን ሆኖ የተሸነፈው አሮጌ መድኃኒት እስከ ዛሬ ድረስ በዚያው ማሸጊያ ውስጥ ከሌሎቹ ጋር አለ፤ ያገለግላልም። አሠራሩ ግን ተለውጧል። የወሩ ዋነኛ መጠን በጤና ሠራተኛው ፊት ይዋጣል። የየቀኑ ፍሬ በቀን በቀን ተለይቶ በታሸገ ካርድ ይሰጣል። የሚወሰድበት ጊዜ ተቈርጦ ታውቋል፤ ዕድሜ ልክ የነበረው መጀመሪያ ወደ ሁለት ዓመት፤ በኋላም ወደ 12 ወር ወረደ። የበሽተኛው ስም በመዝገብ ይጻፋል፤ ቢቀር ይፈለጋል። ዋጋ የለውም፤ ከ1995 ጀምሮ መድኃኒቱ በመላው ዓለም በነፃ ይታደላል። ኢትዮጵያም በ1999 የበሽተኞቿ ቁጥር ከአሥር ሺህ ሰው ከአንድ በታች ወደሚሆንበት ደረጃ ደረሰች። በሽታው ግን አልጠፋም፤ ዛሬም በዓመት ከሁለት ሺህ የሚበልጥ አዲስ በሽተኛ ይገኛል። ሆኖም እነዚያው መድኃኒቶች ከአርባ ዓመት በኋላም ይፈውሳሉ።

እንግዲህ ከዘነበወርቅ ወደ ሰፈራችን እንምጣ። የሥጋ ደዌ ጀርም እጅግ ዘገምተኛ ነው፤ አንዱ ሁለት ለመሆን ሁለት ሳምንት ያህል ይፈጅበታል። እንደዚያም ሆኖ ዳፕሶን በሥራ ላይ ከዋለ ሃያ ዓመት ሳይሞላ ለመደው። የሽንት ቧንቧን የሚያሳምመው ኢ. ኮላይ ግን ከተመቸው በሃያ ደቂቃ ይባዛል፤ ከዚህም በቀር መድኃኒትን የመቋቋም ጠባዩን እንደ ዕቃ ለጎረቤቱ ባክቴሪያ ያቀብላል። በዚህ ፈጣን ጀርም ላይ የምንሠራው ሥራ ግን በዘነበወርቅ ከተጣለው ከአሮጌው የዳፕሶን አሠራር የባሰ ነው። አሞክሳሲሊን፤ ሲፕሮ፤ አዚትሮማይሲን በፍሬ ይሸጣሉ። መዝገብ የለም፤ የሚከታተል የለም፤ ስንት ቀን እንደሚወሰድ የሚናገር አንዳንድ ጊዜ አለ፤ አንዳንድ ጊዜም የለም።

ሕጉማ አለ። በ2011 ዓ.ም. በእኛ አቆጣጠር የወጣው የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112 መድኃኒትን የሚመለከተውን ሁሉ ይቈጣጠራል፤ እነዚህም መድኃኒቶች ያለ ሐኪም ማዘዣ መሸጥ የለባቸውም። ዳሩ ግን በአዲስ አበባም በጎንደርም ተመራማሪዎች በሽተኛ መስለው ወደ መድኃኒት ቤት እየገቡ ባደረጉት ጥናት ያለ ማዘዣ መሸጡ የተለመደ ሆኖ አግኝተውታል።

ታዲያ ጥፋቱ የማን ነው? በዚህ ላይ ከብዙ ሰዎች ሐሳብ እለያለሁ። «ሕዝቡ አያውቅምና ይማር» የሚለው ንግግር ለተናጋሪው ደስ ይለዋል፤ ሥራ ግን አይሠራም። በጀሞ ሕንፃ ላይ ሲሚንቶ የሚሸከመውን የቀን ሠራተኛ እንይ። ቶንሲሉ ሲያብጥ ጤና ጣቢያ ቢሄድ ካርድ ለማውጣት፤ ለመመርመር፤ ውጤት ለመጠበቅ አንድ ቀን ይውላል፤ የዚያን ቀን ደመወዝ አያገኝም። መድኃኒት ቤት ቢገባ ግን በአምስት ደቂቃ ጨርሶ ወደ ሥራው ይመለሳል። ሙሉውን መድኃኒት ለመግዛት ገንዘብ ካልበቃው ግማሹን ይገዛል፤ ሲሻለው የቀረውን ለልጁ ያስቀምጣል። ይህ ሰው አላዋቂ አይደለም፤ ሒሳቡን ከእኛ ይልቅ ያውቃል። ሻጩም ቢሆን «እኔ ብከለክለው ቀጥሎ ያለው ይሸጥለታል» ይላል፤ እውነቱንም ነው። ስለዚህ ማዘዣ ይጠየቅ የሚለው ሕግ ብቻውን ቢጠብቅ፤ ከሕጉ በስተኋላ ቶሎ የሚያይ ጤና ጣቢያና የጤና መድን ከሌለ፤ ቀንበሩ በድሃው ላይ ብቻ ይወድቃል። መድኃኒት በዝቶ ጀርም እንደሚለምድ ሁሉ፤ በገጠር ፔኒሲሊን አጥቶ በሳንባ ምች የሚሞት ሕፃንም እንዳለ አንርሳ።

ሐኪሞቻችንንም ዝም ብዬ ላልፋቸው አልችልም። በአገራችን «ታይፎይድና ታይፈስ አለብህ» ያልተባለ ሰው ማን አለ? ይህ የሚባለው ዊዳልና ዌይል ፌሊክስ በሚባሉ ሁለት የደም ምርመራዎች ነው። የመጀመሪያው በ1896፤ ሁለተኛው በ1916 የተገኙ ናቸው። ምርመራዎቹ የሚፈልጉት ጀርሙን ራሱን ሳይሆን ሰውነት ጀርምን ለመከላከል የሚያመነጨውን ነገር ነው፤ ያም ከቀድሞ ሕመም ወይም ከሌላ ጀርም የቀረ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ በሽታው በተስፋፋበት አገር አንድ ጊዜ ብቻ ተሠርቶ ብዙ አይታመንም። ለታይፎይድ ትክክለኛው ማስረጃ ደምን በላቦራቶሪ አስቀምጦ ጀርሙን ማብቀል ነው፤ ይህን የሚሠሩ ላቦራቶሪዎች ግን ጥቂት ናቸው። ውጤቱ ምንድን ነው? ትኩሳት ያለበት ሁሉ ሲፕሮ ይዞ ይወጣል። የ1896 ምርመራ ለዛሬው መድኃኒት ፈራጅ ሆኗል ማለት ነው!

ዕዳውን የሚከፍለው ማን እንደ ሆነም ልናገር። ከ2015 እስከ 2018 በሰባት አገሮች፤ በአገራችንም በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል፤ ደማቸው በጀርም ስለ ተመረዘ አራስ ሕፃናት ጥናት ተደርጎ ነበር። ሕፃናቱን ከሚያጠቁት ጀርሞች ዋነኛው ክሌብሲዬላ ሆኖ ተገኘ። ለአራስ ልጅ መጀመሪያ የሚሰጡት አምፒሲሊንና ጄንታማይሲን ለአብዛኞቹ እንዲህ ላሉ ጀርሞች የማይበግሩ ሆነዋል። በተወለደ በሦስተኛው ቀን የሚታመም ልጅ መድኃኒት አላቋረጠም፤ ያለ ማዘዣ አልገዛም። በ1977 በዘነበወርቅ የታየው ነገር፤ ያልቀመሱትን መድኃኒት የለመደ ጀርም መውረስ፤ እነሆ በአራስ ክፍል ውስጥ አለ።

ስለ ወንዛችንም አንድ ቃል ልጨምር። በመካኒሳና በጎፋ በኩል የሚያልፈው ትንሹ አቃቂ የመኖሪያ ቤትና የፋብሪካ ፍሳሽ ይቀበላል፤ በዳርቻው ጎመንና ሰላጣ ሲለማበት ኖሯል። ለላምና ለዶሮ የሚሰጠው ኦክሲቴትራሳይክሊንም መጨረሻው አፈርና ውኃ ነው። አገራችን ይህን ተረድታ የሰውን፤ የእንስሳትንና የአካባቢን ጤና ያጣመረ ብሔራዊ ዕቅድ አውጥታለች። በወረቀት ላይ መልካም ነው።

መልካም ውጤትም ስላለ ተስፋ የምንቈርጥበት ምክንያት የለም። በ2009 በቅዱስ ጴጥሮስ ሆስፒታል መድኃኒት የለመደ የሳንባ ነቀርሳ ሕክምና ሲጀመር በሽተኛው እስከ ሁለት ዓመት ድረስ ይታከም ነበር፤ ከመድኃኒቶቹ አንዱ በመርፌ የሚሰጥ ሲሆን አንዳንዶችን አደንቁሯል። በ2022 የዓለም ጤና ድርጅት በአፍ ብቻ የሚወሰድ የስድስት ወር ሕክምና አጸደቀ። ኢትዮጵያም በ2021 መድኃኒት የለመደ የሳንባ ነቀርሳ ከሚበዛባቸው አገሮች ዝርዝር ወጥታለች። ይህ የተገኘው በዘነበወርቅ አሠራር ነው፤ በተጣመረ መድኃኒት፤ በመዝገብ፤ በነፃ ዕደላ። የወባ ነገር ግን ያሠጋል። ክሎሮኪን ስላልሠራ በ1998፤ የተተካውም ስላልሠራ በ2004 ዋናው መድኃኒት ተለውጦ ኮአርተም መጣ፤ በ2023 የታተመ ጥናት ደግሞ የኮአርተምን ኃይል የሚያደክም የዘር ለውጥ በአገራችን የወባ ጥገኛ ላይ መገኘቱን ገልጿል። ሁልጊዜ የሚተካ አዲስ መድኃኒት ይገኛል ብሎ መተማመን አይቻልም።

ከዚህ ቀጥሎ አንዳንዶቻችሁ «የታዘዘልንን ጨርሰን እንዋጥ ልትለን ነው» ሳትሉ አትቀሩም። አዎን፤ ሐኪም ያዘዘውን ያህል መውሰድ ይገባል። ዳሩ ግን ረጅም ጊዜ መውሰድ ሁሉ ጥሩ ነው ማለት አይደለም። ለሳንባ ነቀርሳ ወራት ያስፈልጋሉ፤ ለብዙዎቹ ተራ ሕመሞች ግን ጥቂት ቀን እንደሚበቃ የዛሬው ሳይንስ አሳይቷል፤ ለጉንፋን ደግሞ አንድ ፍሬም አያስፈልግም፤ ጉንፋንን የሚያመጣው ቫይረስ ነውና አሞክሳሲሊን አይነካውም። ያልታመመም መድኃኒት አይፈልግምና በ2011 በአገራችን የተጀመረው የሳንባ ምች ክትባት፤ ንጹሕ ውኃና ሳሙናም ከዚሁ ሥራ ይቈጠራሉ።

አሁን በማኅበራችን ፊት አንድ ሐሳብ አቀርባለሁ። በየመኝታ ክፍላችን፤ በየሻንጣችንና በየመሳቢያችን የተረፈ መድኃኒት አለ። አንዱ ሲታመም ከሌላው የሚዋሰው እርሱን ነው። ስለዚህ የፋርማሲና የጤና ተማሪዎች ሆነን ክፍል ለክፍል እየዞርን፤ የማንንም ስም ሳንጽፍ፤ የተረፈውን እንቍጠር። የምንጽፈው የመድኃኒቱን ስም፤ ስንት ፍሬ እንደ ቀረ፤ በማዘዣ ተገዝቶ እንደ ሆነና ለምን ሕመም እንደ ነበረ ብቻ ይሆናል። ፈቃደኛ የሆነ ሰው የተረፈውን ይሰጠናል፤ እኛም ወደ ሽንት ቤትና ወደ ወንዝ እንዳይጣል ወደ ክሊኒካችን ፋርማሲ እናስረክባለን። ክሊኒኩም መድኃኒት ሲሰጥ የቀኑን ብዛት በአማርኛ በትልቅ ፊደል በከረጢቱ ላይ እንዲጽፍልን ማኅበሩ በደብዳቤ እንዲጠይቅ እለምናለሁ። የቈጠራው ውጤት፤ የሚያሳፍረንም ቢሆን፤ በዚሁ ጋዜጣ ይውጣ። ለቈጠራው የሚሆነው ቅጽ ተባዝቶ በማኅበሩ ጽሕፈት ቤት ተቀምጧል፤ እስካሁን አሥራ አራት ሰዎች ተመዝግበዋል፤ ለእያንዳንዱ ሕንፃ ሁለት ሁለት ሰው እንዲደርስ ስድስት ይጐድለናል።